ዘገየህ ባዩ ካልኩሌተር

«ዘገየህ» አለው ካልኩሌተሩ።

ኤፍሬይን በረንዳው ላይ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ተቀምጦ፣ ከመዳፉ የምታንሰውን ስክሪን መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው አጥብቆ እያየ፣ በቀኝ አመልካች ጣቱ ቁልፉን ተጫነ። ከላይ እየወረደች የመጣችው ጥቁር ነጥብ ታች የተሰመረውን መስመር ልክ ስትነካ ነው የተጫነው። ከጀርባው የቆመችው ልጁ ዛማይራ በዓይኗ በብረቱ አይታለች።

«ዘገየህ።»

«ይሄ ሰውዬ ከዚህ ሌላ ቃል አልተማረም እንዴ?» አለ ኤፍሬይን።

«ጎሽም ይላል ፓፒ። በሰዓቱ ስትመታ።»

«እና እስካሁን ጎሽ የተባለ ሰው አለ?»

«ትምህርት ቤት ውስጥ ያልተባለ የለም። ኬሽላን ስታያት እኮ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጎሽ፣ ጎሽ፣ ጎሽ ነው።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምላሷን የነከሰችው። አባቷ ጣቶቹን እያፍታታ እንደገና ጎንበስ አለ። ነጥቦቹ ወረዱ፣ ጣቱ ተጫነ፣ ካልኩሌተሩም ያንኑ ፍርድ ደጋገመ። ጨዋታው ሲያልቅ ለስህተት የተመደበው ቦታ ሞልቶ፣ ለጎሽ የተመደበው ባዶውን ቀረ።

ኤፍሬይን ካልኩሌተሩን አልወረወረም። የተዋሰውን የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ቀስ አድርጎ የበረንዳው አጥር ላይ አስቀመጠው። ዛማይራ ቢወረውረው ይሻላት ነበር።

«ሰው ያባብላል» አለ። «ሐኪሙም ያባብላል፣ እህቴም ታባብላለች። ማሽን ግን ያየውን ነው የሚናገረው። ይኸው ተናገረ። ዛሬ ከበሮውን ለእህቴ ልጅ ለዊልፍሬ እሰጠዋለሁ።»

«ፓፒ፣ ጌም እኮ ነው!»

«ጌም መሆኑማ አልጠፋኝም፣ የኔ እናት። ጎበዝ ነሽ፤ በጣም ያምራል።» ፀጉሯን ዳበስ አደረገና ወደ ውስጥ ገባ።

ኤፍሬይን የመኪና ባትላሜራ ነው። በሎይሳ ከተማ ተጋጭቶ በእሱ እጅ ያላለፈ መኪና ጥቂት ነው። አምና አንድ የተቀደደ ፓራፋንጎ ከእጁ አምልጦ የሁለት ጣቶቹን ጅማት ቆረጠው። ተሰፋ፣ ታሸ፣ ዳነ። ሐኪሙ «ጨርሰሃል» ብሎ አሰናበተው፤ እሱም ወደ መዶሻው ተመለሰ። ወደ ከበሮው ግን አልተመለሰም።

በቦምባ ጭፈራ ኤፍሬይን የሚመታው መላሹን ከበሮ ነው። ሌሎቹ ከበሮዎች ምቱን ይዘው ይቆያሉ፤ መላሹ ግን ዓይኑን ከጨፋሪዋ ላይ አይነቅልም። እሷ ትከሻዋን ስትሰብቅ፣ ቀሚሷን ስትወረውር፣ እግሯን ስትመታ፣ እሱ እያንዳንዷን በድምፅ ይመልስላታል። ከበሮው ጨፋሪዋን ያዛታል ቢባል ልክ አይሆንም፤ አዛዧ እሷ ብቻ ናት። ጨፋሪዋን የቀደመ ከበሮ መቺ ባለጌ ይባላል፤ የዘገየ ደግሞ መሳቂያ ይሆናል። ባለፈው ሐምሌ፣ በቅዱስ ያዕቆብ በዓል፣ ኤፍሬይን ከዳነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሮው ላይ ተቀመጠና እህቱ ፕሮቪ እየጨፈረች ሳለ በመሀል ብድግ ብሎ ሄደ። «ዘገየሁ» አለ። ከእሱ ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ለከበሮ በተሰበሰበ ቁጥር እሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል።

ዛማይራም መጨፈር ተወች። ለጠየቃት ሁሉ መልሷ «የቤት ሥራ አለብኝ» ነበር። እውነቱ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለእግሯ የመለሰላት የአባቷ ከበሮ ነው፤ ከሌላ ጋር ማውራት አላሰኛትም።

ጌሙን የጀመረችው ያን ሰሞን ነው። ትምህርት ቤታቸው ስልክ ጠዋት በር ላይ ተቀብሎ ማምሻውን ይመልሳል፤ ቀኑን ሙሉ ተማሪው እጅ ላይ የሚቀረው ስክሪን ለሂሳብ የሚታደለው፣ ግራፍ የሚሥለው ካልኩሌተር ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ሁሉ ከካልኩሌተሩ ጋር ፍቅር ይዞታል። የሂሳብ አስተማሪዋ ሚሲ ኦዳሊስ መጀመሪያ ላይ ፍቅሩ የትምህርቱ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ሌሎች እባብና ኳስ ሲሠሩበት ዛማይራ ከበሮ ሠራችበት። በአውቶቡስ፣ በዕረፍት፣ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር፣ በዚያች ጠባብ የቁልፍ ሰሌዳ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈችው። ድምፅ የለውም። ከላይ ከጥቂት ነጥቦች የተሠራች ቀሚስ ለባሽ ሴት አለች፤ ቀሚሷን ባነሳች ቁጥር ከእግሯ ሥር አንዲት ነጥብ ትወርዳለች፤ ነጥቧ መስመሩን ስትነካ ቁልፉን መምታት ነው፣ ግራ ለግራ፣ ቀኝ ለቀኝ። አንዱ ለሌላው በሽቦ እያሻገረ ጌሙ ከክፍል ክፍል ተዛመተ። ሚሲ ኦዳሊስ አንዱን ካልኩሌተር ቀምታ ወስዳ በማግስቱ ስትመልስ «ሦስተኛው ዙር አልከበደም?» አለቻቸው።

ዛማይራ ይህን ሁሉ ስትሠራ በልቧ የነበረው አባቷ ነው፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ይጫወታል፣ ጎሽ ይባላል፣ እጁን መልሶ ያምናል። ለማሳየት የመረጠችው ደግሞ ዛሬን ነው፤ አክስቷ ቲቲ ፕሮቪ ስልሳ ዓመት የምትሞላበት እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ግቢዋ ውስጥ ከበሮ የሚመታበት ቀን። ኤፍሬይን ሰሞኑን «ከበሮው ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ለፕሮቪ ልጅ ለዊልፍሬ ልስጠው ይሆን?» ሲል ሰንብቷል። አሁን «ይሆን» የሚለው ቀረ። አያቷ ከሩም በርሜል የሠሩት፣ የፍየል ቆዳ የወጠሩበት ከበሮ በእሷ ጌም ሰበብ ከቤት ሊወጣ ነው። ኩል ልትኳል ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ደረሰባት።

ጓደኛዋ ኬሽላ በእናቷ ኪዮስክ የተጠበሱ፣ ሸርጣን የታጨቀባቸው አልካፑሪያዎች በወረቀት ጠቅልላ ስትመጣ ዛማይራ የበረንዳው ደረጃ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ወደ ልደቱ አብረው ሊሄዱ ነው የተቃጠሩት።

«ማን ሞተ?» አለች ኬሽላ።

«ከበሮው።»

«ኧረ?»

ዛማይራ ነገረቻት። ኬሽላ እየሰማች አንዷን አልካፑሪያ ሰጠቻት፣ ሌላዋን ራሷ ጎረሰች፣ ጣቷን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ካልኩሌተሩን አነሳች። እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«አባትሽ እኮ ከበሮ መቺ ነው» አለች እየተጫወተች። «እንዴት አንድ ጎሽ እንኳ ያጣል? እኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጭብጨባ የማሳስተው እንኳን…» ስክሪኑ ጎሽ አለ። «ይኸው።» ጎሽ። «ይኸው።»

ዛማይራ የኬሽላን አውራ ጣት ታይ ጀመር። ነጥቧ ትወርዳለች፤ መስመሩ ላይ ሳትደርስ፣ ገና አየር ላይ እያለች፣ የኬሽላ ጣት ቁልፉ ላይ ያርፋል። ጎሽ። ሌላ ነጥብ፤ አሁንም ሳትደርስ።

«ቆይ ቆይ» አለች ዛማይራ። «ለምንድን ነው ሳትደርስ የምትመቺያት?»

«ማንን?»

«ነጥቧን። መስመሩን ሳትነካ ነው የምትመቺው።»

«ታዲያስ? ብትጠብቂያትማ ዘገየሽ ይልሻል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል! ሁሉም ያውቃል። ትንሽ ቀደም ማለት ነው። ሚሲ ኦዳሊስ ራሷ እንደዚያ ነው የምትጫወተው።»

«እና ለኔ አትነግሩኝም?»

«አንቺ እኮ ነሽ የሠራሽው! አስበሽበት መስሎን ነዋ!»

ዛማይራ ካልኩሌተሩን ከእጇ ነጥቃ ራሷ ተጫወተች። የገዛ ጣቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ አየችው። እሷም ቀድማ ነው የምትመታው። ስትሠራው፣ ስትሞክረው፣ እንደገና ስትሠራው፣ ጣቷ ሳያማክራት ለምዶት ኖሯል።

ያኔ ጥፋቱ ቁልጭ ብሎ ታያት። ካልኩሌተሩ ዘገምተኛ ነው። አንዱን ሥዕል አጥፍቶ ቀጣዩን ሥሎ እስኪጨርስ ድረስ ማንም ቢያንኳኳበት አይሰማም። ተጫዋቹ ነጥቧ መስመሩን ስትነካ አይቶ ቁልፉን ሲመታ፣ እሱ ገና ቀጣዩን በመሣል ላይ ነው፤ ሲጨርስ ነው ቀና ብሎ «የመታኝ አለ?» የሚለው። በዚያን ጊዜ ነጥቧ መስመሩን አልፋለች። «ዘገየህ» ብሎ ይፈርዳል። የዘገየው ግን ራሱ ነው።

የትምህርት ቤት ልጅ ይህን ቶሎ ይላመደዋል፤ ይቀድማል፣ ይሞገሳል። አባቷ ግን ዕድሜ ልኩን ጨፋሪዋ ሳትንቀሳቀስ መትቶ አያውቅም። ቢለምኑትም አይመታም። ቀኑን ሙሉ ቢጫወት ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። ካልኩሌተሩ ዘገየህ ያለው ስለሚጠብቅ ነው። የዛማይራ ዓይን እንባ ሞላ፤ ደስ ያላት ይሁን የተናደደች እሷም አልለየችውም።

«አባቴ አልዘገየም!» አለች። «ኬሽላ፣ አባቴ አልዘገየም እኮ!»

«እሺ፣ ሰምቻለሁ። አልካፑሪያሽ ቀዘቀዘ።»

ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ልታስተካክለው ያዘች። ወዲያው የካልኩሌተሩ ባትሪ ደከመ። መብራት ከትናንት ጀምሮ ስለሄደ የቴሌቪዥኑን ሪሞት የሚፈልግ አልነበረም፤ ባትሪውን ከዚያ ነቅላ አመጣች። የሚቀየረው ብዙ አልነበረም። ሰው የሚመታው ያየውን ነው፤ ስለዚህ ካልኩሌተሩ አሁን በሣለው ሳይሆን ተጫዋቹ አይቶት በነበረው ሥዕል መፍረድ አለበት። ይህን ለመጻፍ ጥቂት መስመር ይበቃ ነበር፤ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሆነና በጥድፊያ አንድ ቅንፍ ረስታ ጌሙ ጭራሽ አልነሳም አለ። ከውስጥ አባቷ ከበሮውን በአንሶላ ሲጠቀልል ይሰማታል። ትንፋሽ ወሰደች፣ ከላይ ጀምራ አነበበችው፣ ቅንፉን አገኘችው።

«በይ ሞክሪ» ብላ ለኬሽላ ሰጠቻት።

ኬሽላ መታች። «ቸኮልሽ» አለ ስክሪኑ። እንደገና መታች። «ቸኮልሽ።»

«ምንድን ነው ያደረግሽው? ቸኮልሽ፣ ቸኮልሽ፣ ቸኮልሽ! እንደ እናቴ ሆነ እኮ!»

«ጠብቂያት። ስትነካ ብቻ ምቺ።»

«ሰኞ ትምህርት ቤት ይገሉሻል። እኔም አብሬያቸው ነኝ።»

ዛማይራ ሳቀች፤ ካልኩሌተሩን ይዛ ወደ መኪናው ሮጠች። ኤፍሬይን አንሶላ የለበሰውን ከበሮ የኋላ ወንበር ላይ እያስቀመጠ ነበር።

«ፓፒ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ስለ እናቴ።»

«እናትሽ ሥራ ላይ ናት፣ በእሷ አትማይ» አለ፤ ግን ተቀበላት። መኪናውን ተደግፎ ጀመረ። ነጥቧ ወረደች፣ መስመሩን ነካች፣ ጣቱ ወረደ።

«ጎሽ።»

ቅንድቡ ከፍ አለ። ሁለተኛዋ፣ ጎሽ። ሦስተኛዋ፣ ጎሽ። ዛማይራ ፊቱን ታያለች። ለአፍታ ያ የድሮ ፊቱ መጣ፤ ከንፈሩን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ፣ አንገቱን ትንሽ አዘንብሎ፣ የሆነ ሰው እየመጣበት እንደሆነ አድርጎ። ከዚያ ድንገት ቆመ።

«መቼ ነው የቀየርሽው?»

«አሁን። ስህተት ነበረው ፓፒ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም። ካልኩሌተሩ ዘገምተኛ ነው፣ ሥሎ እስኪጨርስ…»

«ኬሽላ፣ ነይ እስቲ» አለ ኤፍሬይን። «አንቺ ተጫወቺው።»

ኬሽላ ዛማይራን አየቻት። መዋሸት ፈልጋ ነበር፤ ግን በካልኩሌተር እንዴት ይዋሻል? ተጫወተች። ቸኮልሽ። ቸኮልሽ። ቸኮልሽ።

ኤፍሬይን ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። «ለእሷ አከበድሽባት፣ ለኔ አቀለልሽልኝ። ልጄ፣ የተጎዳ ብረት ላይ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ሥራዬ ነው። ከሩቅ ያምራል። ሲያንኳኩት ግን ድምፁ ይለያል።»

«ስቱኮ አይደለም!»

«ግቡ፣ እንሂድ። ፕሮቪ ትጮህብናለች።»

በመንገድ ላይ ከበሮው በሁለቱ ልጆች መሀል እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጧል፤ ዛማይራ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ እንዳይወድቅ ክንዷን ጣል አድርጋበታለች። ያናደዳት አባቷ አላምንም ማለቱ ብቻ አልነበረም፤ በእሱ ቦታ ብትሆን እሷም አታምንም። ስትወደው ያየ ሰው እንዴት አድርጎ የሰጠችውን ነጥብ ያምናል? ጌሙን ካሁን በኋላ የቱንም ያህል ብታሳምረው ለእሱ ስቱኮ ነው።

የቲቲ ፕሮቪ ግቢ ሞልቶ ነበር። የጎረቤት ጄኔሬተር ያንጎራጉራል፣ የሸርጣን ሩዝ በትልቁ ድስት ይማሰላል፣ ምት ያዦቹ ከበሮ መቺዎች ወንበራቸውን ጥላ ሥር ደርድረዋል። ኤፍሬይን ከበሮውን ተሸክሞ ገባና ዊልፍሬ ፊት አቆመው።

«የአያትህ ነው። ቆዳው ፀሐይ እንዳያገኘው» አለ።

ዊልፍሬ፣ ያ ግንብ የሚያክል ጎረምሳ፣ እንደ ልጅ ተሽኮረመመ። «አጎቴ፣ እሺ፣ ለዛሬ ብቻ…»

«ለዛሬ የሚባል ነገር የለም። ያንተ ነው።» እህቱን ግንባሯን ሳመና ወደ መኪናው ተመለሰ። ሬዲዮውን ከፈተ። በሩን ግን አልዘጋውም፤ ሙቀቱ ነው ሊባል ይችላል።

ቲቲ ፕሮቪ ከኋላው እያየች «ግትርነቱን ከአባታችን ነው የወረሰው» አለች፤ «ከከበሮው ጋር አንድ ላይ። አንዱን ሰጠ፣ ሌላውን ግን ለማንም አይሰጥም።»

ከበሮው ተጀመረ። የልደቱ ባለቤት እሷ ስለሆነች ቀድማ ገባች። ዊልፍሬ መጥፎ አልነበረም። እጁ ፈጣን ነው፤ ችግሩም ይኸው ነበር። የቲቲ ፕሮቪ ቀሚስ ገና ሳይነሳ መልሱ ይመጣል። አንዴ አለፈችው፣ ሁለቴ አለፈችው፣ በሦስተኛው ቆማ ወገቧን ያዘች።

«ልጄ፣ ጥያቄውን ልጨርሰው እንጂ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዊልፍሬም አብሮ ሳቀ። ዛማይራ ግን አልሳቀችም። የዊልፍሬ እጅ የኬሽላ ጣት ነው፤ የሷም ጣት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ጣት ነው። መጠበቅ የሚያውቅ አንድ እጅ ያለው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። ካልኩሌተሩን ለኬሽላ ሰጥታ ተነሳች።

«ቲቲ፣ ቀሚስሽን አውሺኝ።»

ቲቲ ፕሮቪ ላቧን እየጠረገች ከላይ እስከ ታች አየቻት። «የቤት ሥራሽ አለቀ?»

«አለቀ።»

አክስቷ ከጉርድ ሱሪዋ ላይ የደረበችውን ሰፊ ነጭ ቀሚስ ፈትታ የዛማይራ ወገብ ላይ አሰረችው።

ዛማይራ ወደ መሀል ወጣች። እንደ ደንቡ ክቡን ዞረች፣ ሰዉን በቀሚሷ ጫፍ ሰላም አለች፣ ከመላሹ ከበሮ ፊት ደረሰች። ደንቡ እዚህ ላይ ጎንበስ ብላ ከበሮውን እንድትሳለም ነው፤ ያልተሳለመችውን ከበሮ ልታዘው አትችልም፣ እሱም አይመልስላትም። ዛማይራ አልተሳለመችም። ቀጥ ብላ ቆመች።

ምት ያዦቹ ምታቸውን ቀጠሉ። ዊልፍሬ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። ቆየት ሲል ፈገግታው ጠፋ። «ሰላም በይኝ እንጂ» አላት በሹክሹክታ።

«ይቅርታ፣ ላንተ አይደለም የመጣሁት።»

«ልጅቷ ሐውልት ሆነች!» ብሎ አንድ ጎረቤት ጮኸ። ሌላው «ርቧት ይሆናል፣ ሩዝ ስጧት» አለ። ተሳቀ። ዛማይራ የቀሚሱን ጫፍ ጨብጣ ቆመች። ባይመጣስ? መኪናውን አስነስቶ ቢሄድስ? ያኔ በቃ፣ ነገሩ ያልቅለታል፤ በሰው ሁሉ ፊት ያልቅለታል። ይህን ስታስብ መሸሽ አማራት። ግን አልተነቃነቀችም።

ቲቲ ፕሮቪ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ከአጥሩ ውጭ ያለውን መኪና አየችና ሰፈሩ እንዲሰማ አድርጋ ተጣራች፦ «ኤፍሬይን! ልጅህን ፀሐይ እየበላት ነው! ሰው እየጠበቀች ነው፣ ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም!»

ከበሮው እየመታ ነው፤ በመሀል ግን የመኪናው ሬዲዮ ዝም ሲል ዛማይራ ሰማችው።

ዞራ አላየችም። ከጀርባዋ ሰዉ መንገድ ሲለቅ፣ የምታውቀው ጫማ ጠጠሩ ላይ ሲመጣ ሰማች። ዊልፍሬ ሳይጠየቅ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ «ተመስገን» ሲል የሰማው ብዙ ሰው ነው። ኤፍሬይን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀመጠ፣ ከበሮውን በጉልበቱ መሀል ያዘ፣ ልጁን ቀና ብሎ አያት። ፊቱ የተቆጣ ይመስል ነበር። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው።

«እንዳታዝኚልኝ» አላት ከንፈሩን ሳያላቅቅ።

ዛማይራ ጎንበስ ብላ ከበሮውን ተሳለመች። ቀሚሱን ከታጠቀች ጀምሮ ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ቢመጣ ሕፃናት የሚማሩትን ልስጠው፣ ቀስ ያለ ቀኝ፣ ቀስ ያለ ግራ፣ እጁ እስኪሞቅ። አሁን ቀና ስትል እጁን አየችው። ሁለቱ ጣቶች ላይ ያለው ጠባሳ ነጥቷል፤ መዳፉ ከቆዳው ከፍ ብሎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እሷን ብቻ ይጠብቃል። ቀላሉን ብትሰጠው ስቱኮ ነው። እሱም ያውቀዋል፣ ሲያንኳኳው ይሰማዋል።

ሐሳቧን ቀየረች።

የቀሚሱን ዳርና ዳር በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ኋላ ሳበች። ትከሻዋን አዘነበለች፣ ጉልበቷን ሰበረች፣ ግቢው ሁሉ ልትወረውረው ነው ብሎ ዓይኑን ሲከፍት፣ እዚያው ላይ ቆመች።

ከወንበሩ ኋላ የዊልፍሬ እጅ የገዛ ጭኑን ጧ አደረገው። ኬሽላ አጨበጨበችና ደንግጣ አፏን ያዘች። የኤፍሬይን መዳፍ ግን አየር ላይ እንዳለ ነው። ቆዳውን አልነካም። ዓይኑ ከዛማይራ ትከሻ ላይ አልተነቀለም፣ ጣቶቹም አልተንቀጠቀጡም። ቆየች፤ እሱም ቆየ። ከዚያ የከንፈሩ አንድ ጎን ተጠመዘዘ።

ቀሚሱን ወረወረችው። መልሱ ከጨርቁ ጋር እኩል ወደቀ።

«አንቺ ሌባ!» አላት አባቷ እየሳቀ።

ዛማይራ አልሳቀችለትም፤ ገና ሥራ አለባት። ቀሚሱን እንደገና ሰበሰበች፤ ቀጥሎ የምትሰጠው ከዚህ የባሰውን ነው።